ተቆልፎ የሚያድር አዳራሽና የሠፈር ቴአትር

ገንዘብ በሣጥን ተቆልፎ ቢቀመጥ ትርፍ እንደማያስገኝ፣ መጋዘንም ባዶውን ቢከርም ለባለቤቱ ኪሣራ እንደሚሆን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ይህ ደንብ ለአዳራሽም የሚሠራ መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲሄዱ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይዘጋል፤ የሆቴሉም አዳራሽ ሠርግ ወይም ስብሰባ በሌለበት ቀን ጨለማ ሆኖ ያመሻል። በዚያው ሰዓት የሠፈሩ ወጣቶች ቴአትራቸውን የሚለማመዱበት ስፍራ አጥተው ይንከራተታሉ። ከመግቢያ ዋጋ የሚሰበስቡት ገንዘብ ለሠርግ የተተመነውን ኪራይ ስለማይሸፍን ብዙው ጓድ ሥራውን ለሕዝብ ሳያሳይ ይበተናል።

የአገራችን ቴአትር በተወለደ ጊዜ ያስጠጋው የንግድ ቤት ነበር። በ1913 ዓ.ም. አካባቢ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የደረሱት «የአውሬዎች ኮሜዲያ መሳለቂያ» በአዲስ አበባ የታየው በቴራስ ሆቴል ነው። ጨዋታው የሹማምንትን ጉድለት የሚነቅፍ ሆኖ በመገኘቱ ቴአትር ለጊዜው ታገደ። በ1920ዎቹ ዓመታት እንደገና ሲነሣ ደግሞ መጠጊያ የሰጠው ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ድርሰቶቻቸውን በተማሪዎች ያሠሩ ነበር። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ታላቅ ቤት የተከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1948 ዓ.ም. ነው።

ባለ አዳራሾች ወንበር ይሰበራል፣ መብራት ይፈጃል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ ነጋዴ አደጋ አለ ብሎ ሱቁን አይዘጋም፤ በውልና በዋስ ይጠነቀቃል እንጂ። ለቴአትሩም እንዲሁ ቢደረግ ይበቃል፦ ቀኑና የመዝጊያው ሰዓት በጽሑፍ ይወሰን፤ አንድ መምህር ኃላፊነት ወስዶ ይፈርም፤ ኪራዩ ከመብራትና ከዘበኛ ወጪ አይለፍ፤ የተሰበረም ዕቃ ቢኖር ከመግቢያው ገቢ ይከፈል።

ትምህርት ቤት አዳራሹንና መምህሩን ካበደረ፣ የጨርቅ አስመጪ ለመጋረጃ የሚሆን ቁራጭ፣ የእንጨት ነጋዴም ለመድረክ የሚሆን ጣውላ መስጠት አይከብደውም። ባለ ሱቁም ማስታወቂያውን በመስኮቱ ቢለጥፍ ተመልካቹ ሲገባና ሲወጣ ደንበኛው ይሆናል።

ከዚህም የሚበልጥ ጥቅም አለ። በሰው ፊት ቆሞ በግልጽ መናገርን፣ ሰዓት ማክበርንና የቲኬት ገንዘብ ቆጥሮ ማስረከብን በመድረክ ላይ የተማረ ወጣት ነገ ነጋዴው ፈልጎ የሚያጣው ሻጭና ገንዘብ ያዥ ነው።

ስለዚህ አዳራሽ ያላቸው የንግድ ምክር ቤቱ አባሎች እያንዳንዳቸው በሳምንት አንድ ምሽት ቢመድቡ፣ ምክር ቤቱም የቀኑንና የቦታውን ዝርዝር መዝግቦ ለትምህርት ቤቶች ቢያስተላልፍ፣ ወጪው ጥቂት ሆኖ ፍሬው ለብዙ ዘመን የሚቆይ ሥራ ይሆናል።