ቴሌስኮፔን ስለ ሰጠሁ አትዘኑልኝ

ባለፈው ጥር ቴሌስኮፔን ከነእግሩና ከነሌንሶቹ ለጎረቤታችን ልጅ ሰጠኋት። የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከዚያ ወዲህ በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ ያላዘነልኝ የለም ማለት ይቻላል። አንዱ ወንድም ትከሻዬን ይዞ፣ «ጠላት ደስታህን ሰርቆህ ነው፤ እንጸልይበት» አለኝ። አንዲት እህት፣ «የጀመሩትን መተው ልማድ ይሆናል፤ ዛሬ ቴሌስኮፕ፣ ነገ አገልግሎት» ብላ አስጠነቀቀችኝ። ሦስተኛው፣ «እኔ ድሮም ነግሬህ ነበር፤ ሰማይ ላይ ማፍጠጥ ምን ይጠቅማል?» አለ፤ ደስ ያለውም ይመስል ነበር። እናቴ ደግሞ፣ «ከመስጠት ብትሸጠው ምን ነበረበት?» አለች።

ለሦስቱ መልስ አለኝ። ለእናቴ የለኝም።

መልሴን እዚህ የምጽፈው የእኔ ቴሌስኮፕ ያን ያህል ቁም ነገር ሆኖ አይደለም። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ አልጋ ሥር የተኛ ጊታር፣ ግማሽ ላይ የቆመ የቋንቋ ትምህርት ወይም አቧራ የለበሰ ካሜራ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው። ባያችሁት ቁጥር ትሸማቀቃላችሁ። ሰው ሲጠይቃችሁ፣ «ጊዜ አጥቼ ነው፤ እመለስበታለሁ» ትላላችሁ። እንደማትመለሱበት ግን ታውቃላችሁ። እኔ የምላችሁ ይህ ነው፦ በትርፍ ጊዜያችሁ ትወዱት የነበረውን ነገር ፍቅሩ ሲያልቅ መተው ውድቀት አይደለም። የሚያሳፍረው ያለቀውን እንዳላለቀ አስመስሎ መኖር ነው።

ፍቅሩ ከመጀመሪያውም ውሸት ነበር እንዳትሉኝ። ቴሌስኮፑን አጎቴ በ2011 ዓ.ም. ከአሜሪካ ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። መስተዋቱ ባለ 114 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለጀማሪ ከሚሸጡት ትንንሾቹ አንዱ። በመጀመሪያው ማታ ጨረቃን አየሁበት። ጉድጓዶቿ አፋፍ ላይ ፀሐይ ስታርፍ እያየሁ ቤት አልገባም ብዬ እናቴ ጋቢ አምጥታ አለበሰችኝ። በሳምንቱ ጁፒተርን አገኘሁት። ከጎኑ አራት ትንንሽ ነጥቦች በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። በማግስቱ ስመለስ ቦታ ተለዋውጠዋል። ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያየው ይህንኑ ነበር፤ በሰማይ ያለው ሁሉ ምድርን እንደማይዞር በዓይኑ ያረጋገጠውም በእነዚሁ አራት ጨረቆች ነው። ይህን ነገር በትምህርት ቤት ተምሬው ነበር። በገዛ ግቢዬ ቆሜ ሳየው ግን ሌላ ነው።

ከዚያ ጊዜውም አገዘኝ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ተወነጨፈች። በዚያው ዓመት ሰኔ 14፣ እሑድ ጠዋት፣ ቀለበት የመሰለው የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ሰማይ አለፈ፤ አዲስ አበባ ያለነው ከፊሉን አየን። ካርቶን በመርፌ በስቼ፣ ደመናው ገለጥ ሲል ማጭድ የመሰለችውን ፀሐይ በነጭ ወረቀት ላይ ለሰፈር ልጆች አሳየሁ። ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ማታ ደግሞ ጁፒተርና ሳተርን እ.ኤ.አ. ከ1623 ወዲህ ባልሆነ ቅርበት ተጠጋጉ። ሁለቱም በአንድ ሌንስ ውስጥ ገቡ። የግቢው ሰው ሁሉ ተሰልፎ አየ። ያልደረሳቸው ልጆች ሲያኮርፉ፣ «ሳተርንን ሌላ ቀን አሳያችኋለሁ» አልኳቸው። ይህችን ቃል አስታውሱልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በኅብረታችን ስሜ «ኮከቡ» ሆነ። አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ኮከብ ቆጠራ እንዳይሆንብህ» ብለው ሲሰጉ፣ ኮከብ ቆጠራና ሥነ ፈለክ አንድ እንዳልሆኑ ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። መረቁኝ። ስለ መዝሙር 8 እና 19 እንድናገር መድረክ ተሰጠኝ፤ ሰው ወደደው፤ ደጋግመው ጋበዙኝ። ወደ ኋላ ሳየው ችግሩ የጀመረው እዚህ ጋ ነው። ሳላስተውለው፣ ከሰማዩ ይልቅ «ሰማይን የሚወደው ልጅ» መባሉን ወደድኩ።

ጉጉቴ መቼ እንዳለቀ ቀኑን አላውቅም። ምክንያት ስደረድር ግን ራሴን ሰማሁት። ክረምቱ ሦስት ወር ሙሉ ሰማይ አያሳይም አልኩ። እውነት ነው። አዳዲሶቹ የመንገድ መብራቶች ደብዛዞቹን ከዋክብት ዋጧቸው አልኩ። እውነት ነው። የቴሌስኮፔ እግር ከሰሜን ኮከብ ጋር ተስተካክሎ እንዲቆም የተሠራ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ያ ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ ቤታችን ደግሞ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እንጦጦ ሥር ስለሆነ ጋራው ይጋርደዋል። እግሩን ለ9 ዲግሪ ዝቅ ሳደርገው ሚዛን የሚጠብቀው ብረት ከእግሩ ጋር ይጋጫል። ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ጨረቃንም ጁፒተርንም የመንገድ መብራት አይከለክላቸውም። እግሩም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያው እግር ነበር። ስወደው አንድም ቀን አልቸገረኝም።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. አንድ ማታ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ጁፒተር በዓመቱ ውስጥ ለምድር በሚቀርብበት ሰሞን፣ አናታችን ላይ ደምቆ ይታያል። ጃኬቴን ለብሼ በር ላይ ቆምኩ፤ አየሁት፤ ተመልሼ ገብቼ ተኛሁ። ይህ ምንም አይደለም። እሑድ ግን አንድ ወንድም፣ «ኮከቡ፣ ጁፒተርን አየኸው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «ደመና ነበር» አልኩት። ሌላ ጊዜ መድረክ ላይ ቆሜ ጄምስ ዌብ የተባለው የሕዋ ቴሌስኮፕ ያነሳቸውን ሥዕሎች ከስልኬ እያሳየሁ፣ እኔም እንዲያ እያየሁ የማድር አስመሰልኩ። እኔ በቴሌስኮፔ ያየሁት የኦሪዮን ኔቡላ ግራጫ ጭስ ነው፤ የሰው ዓይን በደብዛዛ ብርሃን ቀለም አይለይም። ያንን ግን አልተናገርኩም። ማንም ያላስገደደኝን የትርፍ ጊዜ ሥራ እንዳልተውኩ ለማስመሰል በቤተ ክርስቲያን ግቢ ዋሸሁ። እናንተ ቴሌስኮፑን በመስጠቴ ታዝኑልኛላችሁ። ልታዝኑልኝ የሚገባው ያን ጊዜ ነበር።

አሁን ወደ መልሴ ልምጣ።

ጠላት ደስታህን ሰረቀህ ላልከኝ ወንድሜ፦ ስለ ጸሎትህ አመሰግናለሁ። ነገር ግን የጠፋ ፍላጎት ሁሉ የጦርነት ምልክት አይደለም። ስሜት ቢቀዘቅዝም የማይተው ነገር አለ፤ ትዳር፣ እምነት፣ የታመመ ወላጅ፣ የሰው ገንዘብ፣ የገባነው ቃል። እነዚህ በስሜታችን ላይ አልቆሙም። የትርፍ ጊዜ ሥራ ግን የቆመው በፍላጎት ላይ ብቻ ነው። ፍላጎቱ ሲሄድ የሚቀረው ዕቃው ነው። ሁለቱን አንድ ካደረግናቸው የሚጎዳው ቴሌስኮፕ አይደለም፤ ቃል ኪዳን የሚለው ቃል ራሱ ነው። ጊታር መተውን ክህደት ብሎ የለመደ ጆሮ፣ እውነተኛው ክህደት ሲመጣ አይደነግጥም።

የጀመሩትን መጨረስ ያልሽኝ እህቴ፦ የሰማይ መጨረሻው የት ነው? እኔም እንዳንቺ አስብ ስለ ነበር መጨረሻ ሠርቼለት ነበር። ቻርልስ ሜሲዬ የተባለ ፈረንሳዊ ያዘጋጀው የኔቡላዎችና የኮከብ ክምችቶች ዝርዝር አለ። እርሱ ራሱ ያሳተመው በ1781 እ.ኤ.አ. 103 ደርሶ ነበር፤ ዛሬ 110 ተብሎ ይቆጠራል። በዓለም ሁሉ ያሉ ሰማይ ተመልካቾች አንድ በአንድ እያዩ ምልክት ያደርጉበታል። እኔ 41 ላይ ነበርኩ። 42ኛውን ፍለጋ ስንት ማታ በብርድ እየተነጫነጭኩ እንደ ቆምኩ አልነግርሽም። ሜሲዬ ዝርዝሩን ለምን እንዳዘጋጀው ያወቅኩት ኋላ ነው። ሰውየው ጅራታም ኮከብ አዳኝ ነበር። ጅራታም ኮከብ እየመሰሉ የሚያሳስቱትን ነገሮች ነው የመዘገበው፤ ደግሞ ሲያገኛቸው ጊዜ ሳያጠፋ እንዲያልፋቸው። እኔ የግድ ልጨርሰው የታገልኩት ዝርዝር፣ ለባለቤቱ የሚታለፉ ነገሮች ዝርዝር ነበር። የሚፈልገውን ስለሚያውቅ የማይፈልገውን መተው አላሳፈረውም።

በዚያው በ1781 ዊልያም ኸርሼል ዩራነስን አገኘ። ኸርሼል በእንግሊዝ አገር፣ በባዝ ከተማ፣ ኦርጋን የሚጫወት ሙዚቀኛ ነበር። በዓመቱ ሙዚቃውን ተወው። የጀመረውን አልጨረሰም ብሎ የሚወቅሰው ሰው ሰምቼ አላውቅም። «እርሱ ለሚበልጥ ነገር ነው የተወው» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እኔ ለሚበልጥ ነገር ብዬ አልተውኩም። ማታ ማታ ታናሽ ወንድሜን ሒሳብ አስጠናለሁ፤ ከዚያ እተኛለሁ። ይህም ያስኬዳል። የምንተወውን ነገር ሁሉ በሌላ ገድል ካልተካን መተው አይፈቀድልንም ያለው ማን ነው?

«ድሮም ነግሬህ ነበር» ላልከኝ ሦስተኛው ወንድሜ፦ ላንተ ድሉን አልሰጥህም። ሰማይ ላይ ማፍጠጥ ይጠቅማል። ያ ግራጫ ጭስ ዓይኔ ውስጥ የገባው ከ1,300 ዓመት በላይ ተጉዞ ነው፤ ይህን ማየት ሰውን ዝም ያሰኛል። ዝም ማለት ለሁላችንም ያስፈልገናል። ደግሞ ከእኔ የጸኑ አሉ። ብርሃናቸው የሚለዋወጥ ከዋክብትን የሚከታተሉ አማተሮች እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ ተደራጅተው ያዩትን ይመዘግባሉ፤ ሳይንቲስቶችም መዝገባቸውን ይጠቀሙበታል። በአገራችንም የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ተመሥርቷል፤ እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ጉጉቱ ያላችሁ ቀጥሉበት። የእኔ መተው ለእናንተ ምስክር አይሁንባችሁ። እኔ የተውኩት ነገሩ ከንቱ ስለሆነ አይደለም፤ የእኔ ተራ ስላበቃ ነው።

ነገር ግን «ይተው» ስላልኩ ዛሬውኑ ጣሉት ማለቴ አይደለም። ድካምና ፍጻሜ ይመሳሰላሉ። እኔ ያ የኅዳር ማታ ካለፈ በኋላ እስከ ግንቦት ድረስ ራሴን ጠበቅሁ። መድረኩን ተውኩ፤ ጥያቄ ለሚጠይቁኝም «አሁን አላይም» ብዬ እውነቱን ተናገርኩ። ማንም ሳያውቅልኝ እንደ ገና አማረኝ ይሆን ብዬ ደጋግሜ ወጣሁ። አላማረኝም። ያን ጊዜ ድካም እንዳልሆነ አወቅሁ።

አንድ ዕዳ ብቻ ቀረብኝ፤ አስታውሱልኝ ያልኳችሁ ቃል። ሰማይ ማየትን ለማንም አልማልኩለትም፤ ለልጆቹ ግን ሳተርንን አሳያችኋለሁ ብያለሁ። ስለዚህ በጥር፣ ምሽት ላይ፣ ቴሌስኮፑን ለመጨረሻ ጊዜ ግቢ ውስጥ ተከልኩት። በዚያ ወር የሳተርን ቀለበት በጎኑ ወደ እኛ ዞሮ ስለ ነበር እንደ ቀጭን መስመር ነው የሚታየው። ብዙዎቹ ልጆች፣ «ይኸው ነው?» ብለው ወደ ኳሳቸው ሄዱ። የጎረቤታችን ልጅ ግን አልተነሳችም። «በሥዕል ላይ ሰፊ ነው፤ ለምን ቀጠነ?» አለችኝ። በየ15 ዓመቱ ገደማ እንዲህ እንደሚሆን ነገርኳት። ጣቷን እየቆጠረች፣ «ቀጥሎ ሲቀጥን እኔ ትልቅ ሰው ነኝ ማለት ነው» አለች። በማግስቱ ማታ በሩን አንኳኳች። በሦስተኛውም ቀን። በአራተኛው ቀን ሳጥኑን ተሸክሜ እቤታቸው አደረስኩላት።

ሁለት ዓመት አልጋ ሥር የያዝኩት ዕቃ ለካ የእሷ ነበር። «እመለስበታለሁ» እያልኩ ያስጠበቅሁት ራሴን ብቻ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ እናንተም አልጋ ሥር ያለውን አውጡት። አቧራውን ጥረጉት፤ አንድ ወር ተጠቀሙበት፤ ለማንም አትንገሩ። ካማራችሁ እሰዬው፤ ቀጥሉ። ካላማራችሁ ቃል የገባችሁለት ሰው ካለ ቃላችሁን ፈጽሙ፤ ከዚያም ለሚያንኳኳ ልጅ ስጡት። ሰው ሲጠይቃችሁ «ደመና ነበር» አትበሉ። «ተውኩት» በሉ።

እናቴ የምትለውን ግን አልተሳሳተችም። መሸጥም ይቻላል።