የዕፅዋትን ስም ማወቅ አገርን ማወቅ ነው

ሰው የሚጠብቀው የሚያውቀውን ነው። ስሙን ያላወቀውን ዛፍ ግን እንጨት ብሎ ይጠራዋል፤ እንጨት ብሎ የጠራውንም ለመቍረጥ አያመነታም። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የዕፅዋት ትምህርት፣ ይኸውም የዕፅዋትን ብዛትና ዓይነት መመርመር፣ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማወቅ፣ ከአፈርና ከውሃ፣ ከእንስሳትና ከሰው ጋራ ያላቸውን ኑሮ ማጥናት፣ ለጥቂት ሰዎች የተተወ ትርፍ ጥበብ ሳይሆን የአገር መጠበቂያ ዕውቀት መሆኑን ለማሳሰብ እንወዳለን።

ለዚህ ነገር ቡና አንድ ምስክር ነው። የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔዎስ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1753 ዓ.ም. ቡናን ኮፌያ አራቢካ ብሎ በመጽሐፉ ጻፈው። ቡና ለአውሮጳ ሰዎች የታወቀው በዓረብ አገር በኩል ስለ ነበረ የዓረብ ተባለ፤ ዋናው የትውልድ ስፍራው ግን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። በዕፅዋት ሊቃውንት ሥርዓት የቀደመ ስም ስለሚጸና እስከ ዛሬ በዚሁ ይጠራል። እንግዲህ ባለቤቱ ያልመዘገበውን ሌላው እንደ መሰለው ይመዘግበዋል ማለት ነው።

በአገራችንም ይህን ጕድለት ለመሙላት ብዙ ተደክሟል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለት የደረቁ ዕፅዋት ከነታሪካቸው የሚጠበቁበት ቤት፣ እንደዚያው አቈጣጠር በ1959 ተቋቋመ። በ1980 ከስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋራ የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍም በ2009 በ8 ቅጽ ተፈጸመ። በውስጡ ስድስት ሺህ ያህል ዓይነት ዕፅዋት ተጽፈዋል፤ ከዐሥር አንድ እጅ ያህሉም ከዚህ ምድር በቀር በሌላ ስፍራ አይገኝም። ዳሩ ግን መጽሐፍ ያለ አንባቢ አይናገርም። ቅጠሉን ከአበባው፣ አበባውን ከፍሬው አስተያይቶ ይህ እገሌ ነው የሚል ተማሪ ካልተተካ፣ የሠላሳ ዓመት ድካም በመደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ዕፅዋትን መለየት ብቻም አይበቃም፤ ኑሯቸውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ በ2011 በጣና ሐይቅ ላይ መስፋፋቱ ከታወቀ ወዲህ ብዙ ሕዝብ በእጁ እየነቀለ ደክሟል። ነገር ግን ከተረፈው ቍራጭ እንደ ገና ይበዛል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ከእርሻ ታጥቦ ወደ ሐይቁ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያም ይመግበዋል። ስለዚህ ሐይቁን ለማዳን የሚሻ ሰው ውሃውን ብቻ ሳይሆን ከበላዩ ያለውን ተዳፋት ሁሉ መመርመር ይገባዋል።

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያሉት ደኖችም ይህንኑ ያስረዳሉ። በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች በተጠኑ ጊዜ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ ተገኝቶባቸዋል። በዙሪያቸው ያለው ምድር ታርሶ ሲራቈት እነዚህን ያቈየ የአባቶች ጥበቃ ነው። ሆኖም ከብት በሚገባበት ደን ችግኙ እየተበላና እየተረገጠ እንደማይተርፍ ተረድቷል። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ከሥራቸው የሚተካ ታዳጊ የሌለው ደን፣ መምህሩ አርጅተው ደቀ መዝሙር የታጣበትን ጉባኤ ቤት ይመስላል፤ ለተመልካች የሞላ ቢመስልም ፍጻሜው ቀርቧል።

ስለዚህ ሹማምንት መንገድ ሲያስቀድዱ፣ ደን ሲያስመነጥሩ ወይም ችግኝ ሲያስተክሉ አስቀድመው በስፍራው ያለውን የሚለይ የተማረ ሰው ይላኩ፤ ይህን ትምህርት ለፈጸሙ ወጣቶችም የሚገባቸውን ሥራ ይስጡ። ካህናትም የቅጥሩን በር ለከብት ዘግተው ለተማሪ ይክፈቱ፤ ከአባቶች የተቀበሉትን የእያንዳንዱን ዛፍ ስምና ጥቅም ያጽፉ። በቃል ብቻ የሚኖር ስም ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራልና፤ ስሙ የጠፋ ዛፍም ሲወድቅ ጠያቂ የለውም።