ስለ መጠይቅና ስለ መሙያው መሣሪያ

ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ይባላል። የግብርናም ነገር ሥሩ ገበሬው፥ ከገበሬውም ቀጥሎ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ነውና፥ ዛሬ በኢንተርኔት የምንልከው መጠይቅ ወደዚህ ሥር እንዴት እንደሚደርስ የየክልሉና የየወረዳው ሹማምንት ሊያስቡበት ይገባል።

በቅርቡ ስለ መኸር ሰብል የተዘጋጀ አንድ መጠይቅ ደረሰኝ። በቢሮ ሳለሁ በኮምፒዩተር ሞላሁት፤ ጤፍ፥ ስንዴ፥ ገብስ፥ በቆሎና ማሽላ በግራ፥ የማሳው ስፋት፥ ዘሩ፥ ማዳበሪያውና ምርቱ ከላይ ተዘርዝረው በአንድ ሰንጠረዥ ታዩኝ፤ ሥራውም ቀላል ነበረ። ማታ ግን ከጊዮርጊስ፥ ከምኒልክ ሐውልት አጠገብ ታክሲ ስጠብቅ ያንኑ መጠይቅ በእጅ ስልኬ ከፈትሁት። የታየኝ ሁለት ዓምድ ብቻ ነው፤ የቀረውን በጣቴ እየጎተትሁ ስፈልግ የጤፉን ማዳበሪያ በገብሱ መሥመር ጻፍሁት። አሳብ በሚጠየቅበትም ስፍራ፥ በቢሮ ስድስት መሥመር የጻፍሁት ሰው፥ በስልኩ «ደኅና ነው» ብዬ አለፍሁ።

እኔ ፊደልን ከቄስ ትምህርት ቤት ጀምሬ የለመድሁት እንዲህ ከሆንሁ፥ በፀሐይ ቆሞ፥ ኔትዎርክ እየተቋረጠበት የሚሞላው የልማት ሠራተኛ እንዴት ይሆን? የእርሱ ስሕተት ስሕተት መስሎ አይታይም፤ ቁጥር ሆኖ ከሌላው ቁጥር ጋራ ይደመራል፤ በዚያም ድምር ማዳበሪያ ቢደለደል የሚጎዳው ገበሬው ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ጥፋቱ የሰነፉ ሞይ እንጂ የመሣሪያው አይደለም» ይላሉ። ነገር ግን በስልክ የሚመልሱ ሰዎች በኮምፒዩተር ከሚመልሱት ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚወስድባቸው፥ አቋርጠው የሚተዉትም እንደሚበዙ በውጭ አገር የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። አራተኛው የሕዝብና የቤት ቆጠራ በታብሌት እንዲፈጸም ታስቦ በ2011 ዓ.ም. ቢተላለፍም፥ በዚያ ውጥን መሣሪያውን የሚይዘው የሠለጠነ ቆጣሪ ነበረ። ያለ ቆጣሪ በሚላክ መጠይቅ ግን ጠያቂው መሣሪያው ራሱ ነው።

ስለዚህ በሰንጠረዥ ፈንታ በአንድ ገጽ አንድ ጥያቄ ይሁን። ገበሬው በጥማድ ወይም በቀርጥ የተናገረው እንደ ተናገረው ይጻፍ፤ ወደ ሄክታር መለወጡ የቢሮ ሥራ ይሁን። ኔትዎርክ ቢጠፋም የተሞላው አይጥፋ። መልሱ በስልክ ወይም በኮምፒዩተር እንደ ተሞላም ይመዝገብ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን፥ መጠይቅ ያዘዘ ሹም ሁሉ በርካሽ ስልክ፥ በገዛ ጣቱ፥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሙላው። እርሱን ያደከመውን በሌላው ላይ አይጫን።