ልጁ በየትኛው ወር ሞተ?

ነገሌ ቦረና ያደገ ሰው አዶሌሳን ያውቀዋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ሰማዩ ደመና ለብሶ ዝናብ የማይጥልበት፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ የሚቆረጥም ወቅት ነው። ጨቅላ ያላት እናት በር ትዘጋለች፣ ጋቢ ትደራርባለች፣ አንዳንዴም ከሰሉን ወደ ቤት ታስገባለች።

አንድ አዶሌሳ ላይ ሰፈራችን ውስጥ የሦስት ወር ሕፃን ተኝቶ በዚያው ቀረ። ትኩሳት የለ፣ ሳል የለ። ለቅሶ ቤት ግን ምክንያቱ በሹክሹክታ ተገኘ፦ «ተኝታ ተጭናው ነው»። ሌላው ደግሞ ዓይን ነው አለ። እናትየዋ ሁለቱንም ሰምታለች።

በሕክምና ድንገተኛ የጨቅላ ሕፃናት ሞት የሚባል ነገር አለ። ዓመት ያልሞላው ልጅ በእንቅልፉ ይሞትና አስከሬኑም የተኛበትም ቦታ ተመርምሮ ምክንያት ሲጠፋ ነው ስሙ የሚሰጠው። በብዛት የሚደርሰው ከ2 እስከ 4 ወር ዕድሜ ላይ ነው። አውሮፓ ውስጥ በብርዱ ወራት ይበዛ ነበር። ኒውዚላንድ ብርዱ የሚገባው በእኛ ሰኔ ስለሆነ እዚያም የሚበዛው ያኔ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ከወሩ ሳይሆን ከብርዱ ጋር ነው፦ ልብስ መደራረብ፣ ጉንፋን፣ በዚያ ላይ በሆድ ማስተኛት። ብሪታንያ በ1991 እ.ኤ.አ. ሕፃናት በጀርባቸው እንዲተኙ ዘመቻ ስትጀምር ሞቱ በጥቂት ዓመታት ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ የክረምቱ ጭማሪም አብሮ ሟሸሸ።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን እነሱ ይህን ያወቁት ስለቆጠሩ ነው። እኛ ጋ የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ልጆች 48ቱ ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ይነግረናል። እንዴት ተኝተው እንደነበር ግን አይጠይቅም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ሞት በ30 ቀን ይመዝገብ ይላል። ለሦስት ወር ልጅ ቀበሌ ሄዶ የሞት ምስክር ወረቀት የሚያወጣ ማነው? የባንክ ደብተር የለው፣ ውርስ የለው። ጥቅም የሌለበት ወረፋ ማንም አይሰለፍም።

ስለዚህ ወረፋውን እንተወው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱን ታውቀዋለች። ወሩን፣ አተኛኘቱን፣ ልብሱን፣ ከሰሉን ትጠይቅ፤ ስልክ ላይ የሚሞላ አጭር ቅጽ ይበቃል። እስከዚያው ታናሽ ወንድም ወይ እህት ቤት ካላችሁ በጀርባው አስተኙት፣ ፊቱን አትሸፍኑ፣ ከሰሉም ውጭ ይደር።

ያቺ እናት አሁን ሌላ ልጅ አላት። ሌሊት ሦስቴ አራቴ እየተነሳች ትንፋሹን ታዳምጣለች አሉኝ።