የንግድ እንግዳና የአስጎብኚ ዋጋ

ቡና ወይም ሰሊጥ ሊገዛ ከውጭ አገር የመጣ ነጋዴ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ፣ እዚያው ቦሌ በሆቴል አድሮ፣ ውሉን ፈርሞ ወዲያው የተመለሰ እንደሆነ፣ ከአዲስ አበባ ያየው አዳዲሱን ፎቅና የመኪናውን ሰልፍ ብቻ ነው። ግማሽ ቀን የተረፈው እንደሆነ ግን፣ አሮጌውን ከተማ በእግሩ እንዲያይ አስጎብኚ ይቀጠርለት ወይስ ሾፌር በመኪና ያዙረው የሚለውን መቁረጥ የአስተናጋጁ ነጋዴ ፈንታ ነው።

ብዙዎች «ከተማችንን እኛው እናውቀው የለምን? ስለምን ገንዘብ እናወጣለን?» ይላሉ። ዳሩ ግን በአንድ ከተማ መኖርና የከተማውን ታሪክ ማወቅ ልዩ ልዩ ነገር ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ታላቁ ገበያዋ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ይውል እንደነበረና ወደ መርካቶ የተዛወረው በጣሊያን ወረራ ዘመን መሆኑን ስንቱ ነጋዴ አጣርቶ ሊያስረዳ ይችላል? የአርመን፣ የግሪክና የህንድ ነጋዴዎች ሱቅ የከፈቱት በዚሁ በአራዳ ነበር። በ2007 ዓ.ም. የእሳት ቃጠሎ የደረሰበት የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልም የዚያ ዘመን ቅርስ ነው።

ከዚህም በላይ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ቤቱ ቆሞ ሳለ ግንቡ ራሱ ይመሰክር ነበር፤ ከፈረሰ በኋላ ግን የቀረው ምስክር የሚያውቅ ሰው አንደበት ነው። ስለዚህ የአስጎብኚ አስፈላጊነት ከቀድሞው ይልቅ ጨምሯል።

የሆነ ሆኖ አስጎብኚ ሁሉ አንድ አይደለም። የሥራ ፈቃድ ያለው ይመረጥ፤ ዋጋውና ሰዓቱም አስቀድሞ ይወሰን። ከባለሱቅ ኮሚሽን ለመቀበል እንግዳውን የሚያዞር አስጎብኚ የዕቃውን ዋጋ ያስወድዳል፤ እንግዳውም ነገሩን የደረሰበት እንደሆነ፣ ከባለሱቁ ጋራ የጋበዘውን ነጋዴ ጭምር ይጠረጥራል። በብዙ ድካም የተገኘ ደንበኛ በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ሊታጣ ይችላል።

ከተማይቱ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች፣ ከቆላ አገር የመጣ እንግዳ ዳገቱ ቶሎ ያደክመዋል፤ ለሽማግሌና በክረምት ለሚመጣ ሰው መኪናው ይሻላል። ሁለት ሰዓት ብቻ የተረፈውም ቡናውን ጠጥቶ ቢያርፍ ይበቃዋል። ጤናና ግማሽ ቀን ላለው ግን አስጎብኚ ይቀጠርለት፤ ወጪውም ከእንግዳ መቀበያ ሂሳብ ላይ ቢታሰብ ተገቢ ነው።