ጄንታማይሲን በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋዎች፡ ሕይወት አዳኙ መርፌና የሚሻው ጥንቃቄ

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ወረዳዎች የሚገኙበት የሰሜን ሸዋ ደጋ በጥልቅ ሸለቆዎች የተከፋፈለ ነው። የጀማና የወንጭት ወንዞች መርሐቤቴን ከደቡብና ከሰሜን ከበው ያልፋሉ። በመንዝ በኩል የጓሳ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ከፍታ ያለው ብርዳማ አካባቢ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዝ ይሞላል፤ የገጠር መንገድም ይቆረጣል።

በዚህ መልክዓ ምድር የተወለደ ጨቅላ ሕፃን በአምስተኛው ቀኑ ጡት መጥባት ቢያቆም ወይም ሰውነቱ በትኩሳት ቢግል፣ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ዓለም ከተማ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል እስኪደርስ የሚያልፈው ሰዓት ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ከርቀቱ ሌላ ልማድም አለ። አራስና ሕፃን ክርስትና እስኪነሣ ድረስ፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን፣ ከቤት ባይወጡ ይመረጣል። ጨቅላ ሕፃናት ለከባድ ኢንፌክሽን በእጅጉ የሚጋለጡት ደግሞ በእነዚሁ የመጀመሪያ ሳምንታት ነው።

ጄንታማይሲን የተባለው የመርፌ መድኃኒት በገጠር ቀበሌ ጤና ኬላ እንዲገኝ የተደረገው ይህንኑ ችግር ለማቃለል ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በመጀመሪያ ያተኮረው በመከላከል ላይ ነበር። በኋላ ግን በኦሮሚያና በቀድሞው ደቡብ ክልል በተካሄደ ጥናት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የጨቅላ ሕፃናትን ከባድ ኢንፌክሽን በቀበሌ ደረጃ ማከም መቻላቸው ታይቷል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2005 ዓ.ም. ኅብረተሰብ አቀፍ የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ መርሐ ግብርን ይፋ አድርጓል።

አሠራሩ ግልጽ ነው። ባለሙያዋ የአደጋ ምልክት ያየችበትን ሕፃን በቅድሚያ ወደ ከፍተኛ ሕክምና ትልካለች። ቤተሰቡ መሄድ ካልቻለ ብቻ ጄንታማይሲን በቀን አንድ ጊዜ በመርፌ፣ አሞክሳሲሊን ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ በአፍ ለ7 ቀናት ይሰጣል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ሆስፒታል መድረስ በማይቻልበት ሁኔታ ተመሳሳይ ሕክምና እንዲሰጥ ፈቅዷል።

የጉዳዩን ክብደት አኃዞች ያሳያሉ። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በ1992 ዓ.ም. በሕይወት ከሚወለዱ 1 ሺህ ሕፃናት 49ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 29 ዝቅ ቢልም፣ በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አነስተኛ ጥናት 33 አድርሶታል። ከአንድ ወር በላይ ያሉ ሕፃናት ሞት በፍጥነት ሲቀንስ የጨቅላዎቹ ሞት ግን የቀነሰው በዝግታ ነው።

መድኃኒቱ ጠቃሚ የመሆኑን ያህል ጥንቃቄም የሚሻ ነው። ጄንታማይሲን ከስትሬፕቶማይሲን፣ ከካናማይሲንና ከአሚካሲን ጋር የአንድ ቤተሰብ አባል ሲሆን፣ ባክቴሪያው ፕሮቲን እንዳይሠራ በማድረግ ይገድለዋል። በአፍ ቢሰጥ ወደ ደም ስለማይገባ በመርፌ ይሰጣል፤ ከሰውነት የሚወገደውም በኩላሊት በኩል ነው። መጠኑ ሲበዛ ወይም ሕክምናው ሲረዝም ኩላሊትንና የውስጠኛውን ጆሮ ይጎዳል። የኩላሊቱ ጉዳት በጊዜ ከተደረሰበት በአብዛኛው ይድናል። በጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉት ሕዋሳት ግን አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

የዚህ ጉዳት ዋነኛ ትምህርት የተገኘው ከቲቢ ሕክምና ነው። ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 ተገኝቶ የመጀመሪያው ውጤታማ የቲቢ መድኃኒት ሲሆን፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመስማትና የሚዛን ችግር ማስከተሉ ታውቋል። በአገራችን መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ሕክምና በ2001 ዓ.ም. በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሲጀመር፣ ሕሙማን የዚሁ ቤተሰብ መርፌ ለወራት መወጋት ግድ ነበረባቸው። ከቲቢው ድነው የመስማት ችሎታቸውን ያጡ በመላው ዓለም ጥቂት አልነበሩም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ካናማይሲን ለዚህ ሕክምና እንዳይሰጥ አሳስቧል፤ ኢትዮጵያም ወደሚዋጡ መድኃኒቶች ተሸጋግራለች።

ይህ ታሪክ በጤና ኬላ ለሚሰጠው መርፌ ምን ያስተምራል? ሁለቱ ሁኔታዎች አንድ አይደሉም። በቲቢ ሕክምና የነበረው መርፌ ለወራት ሲቀጥል የጨቅላው 7 ቀን ብቻ ነው። በቀን አንድ ጊዜ መሰጠቱም መድኃኒቱ ባክቴሪያውን በኃይል እንዲመታና ቀጣዩ መርፌ እስኪደርስ ኩላሊት እንዲያስወግደው ያስችላል። ስለሆነም ጉዳቱን ፈርቶ መርፌውን መከልከል ሕፃኑን ለሞት መተው ነው። ያለ ሚዛንና ያለ ሥሌት መስጠትም በተቃራኒው ሌላ አደጋ ነው።

የስሌቱ ስሕተት የሚፈጠርበት ቦታ የታወቀ ነው። ጄንታማይሲን በ2 ሚሊ ሊትር አምፑል ውስጥ 20 ሚሊ ግራም ወይም 80 ሚሊ ግራም ሆኖ ይመጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ለአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ግራም ስለሚሰጥ፣ 3 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን 15 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል። ይህም ከባለ 20ው አምፑል 1 ነጥብ 5 ሚሊ ሊትር ነው። ባለሙያዋ ይህንኑ ልክ ሳይበረዝ ከባለ 80ው ብትቀዳ ሕፃኑ 60 ሚሊ ግራም፣ ማለትም አራት እጥፍ ይወስዳል። ባለ 80ው አምፑል ለጨቅላ ሲውል 6 ሚሊ ሊትር ንጹሕ የመርፌ ውኃ ሊጨመርበት ይገባል። ክብደታቸው አነስተኛ ለሆኑ ሕፃናት መጠኑ ከዚህም ያነሰ በመሆኑ ሚዛን የሌለው ጤና ኬላ ሕክምናውን በአግባቡ ሊሰጥ አይችልም።

ከዚህ አንጻር ኃላፊነቱ በባለሙያዋ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት መድኃኒት ሲያሠራጭ የአምፑሉን ልክ መለየት፣ የሚሠራ ሚዛንና ተስማሚ ሲሪንጅ መኖሩን ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። አሞክሳሲሊን ሳይኖር ጄንታማይሲን ብቻውን ቢደርስ ሕክምናው ጎዶሎ ነው፤ አንዱ የባክቴሪያውን ግድግዳ ሲያዳክም ሌላው ወደ ውስጥ ይገባልና። የ7 ቀኑ መርፌ በበዓልና በቅዳሜ እንዳይቋረጥ ተተኪ ባለሙያ መመደብም የአስተዳደር ሥራ ነው። ምልክቱ ያልተሻለውን ሕፃን ወደ ሆስፒታል ለማድረስ አምቡላንስና መንገድ ያስፈልጋሉ።

ቁጥጥሩ ከጤና ኬላ ውጭም መዝለቅ አለበት። ጄንታማይሲን በመድኃኒት መደብር ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጡ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው፣ አረጋዊ ወይም ነፍሰ ጡር በዘፈቀደ ቢወጋ ይጎዳል፤ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን ይላመዳል። የተላመደው ባክቴሪያ ጨቅላውን ሲያገኘው ደግሞ በቀበሌ ደረጃ ያለው ዋነኛ መርፌ አቅም ያጣል።

በመንዝም ሆነ በመርሐቤቴ የአንድ አምፑል ጥቅም የሚለካው ጤና ኬላ በመድረሱ ብቻ አይደለም። በትክክለኛው ልክ ተመዝኖ፣ 7ቱን ቀን ሳይቋረጥ ተሰጥቶ፣ ሕፃኑም ጆሮውና ኩላሊቱ ደኅና ሆኖ ክርስትና ሲነሣ ነው። ወረዳዎች በየሩብ ዓመቱ የሚያቀርቡት ሪፖርትም የታደለውን መድኃኒት ብዛት ከመግለጽ አልፎ ሕክምናቸውን የጨረሱና ሪፈር የተባሉ ሕፃናትን ቁጥር ቢያካትት ለውሳኔ ሰጪዎች የተሻለ መረጃ ይሆናል።