የጓሮ አባባሎች ለንግግር ማድመቂያ ብቻ አይደሉም

በምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር፣ ስብሰባ ሲከፈት ምሳሌያዊ አነጋገር መጥቀስ የተለመደ ነው። ሊቀመንበሩ «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይልና ተሰብሳቢውን ፈገግ ካሰኘ በኋላ፣ ለየጓሮው ሁሉ አንድ ዓይነት ችግኝና አንድ የመትከያ ቀን ወደሚደለድለው ዕቅድ ያልፋል። አባባሉ የሚያስተምረው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው።

ዱባና ቅል የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት በመሆናቸው ገና ሲበቅሉ ይመሳሰላሉ። ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው። የዱባ አበባ ቢጫ ነው፤ ማለዳ ሲከፈት ንብ ይጎበኘዋል። የቅል አበባ ነጭ ሆኖ የሚፈካው ወደ ምሽት ሲሆን እንግዳው የእሳት ራት ነው። ዱባ ፍግ በበዛበት መሬት ላይ ይሳባል፤ ቅል አጥር ካገኘ ይወጣል፣ ፍሬውም ተንጠልጥሎ ሲያድግ ቅርጹ ይስተካከላል። ቅል በአፍሪካ ጥንታዊ ተክል ሲሆን ዱባ ግን እንደ በርበሬና እንደ በቆሎ ሁሉ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው። እንግዲያው የአባቶች ዕውቀት ቆሞ የቀረ አይደለም፤ እንግዳውን ዘር ተቀብሎ፣ ተክሎና ከነባሩ ጋር አመዛዝኖ የተናገረ ነው።

የቡሬ አካባቢ በበርበሬው የታወቀ ነው። በርበሬ ሲጠወልግ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ውሃ መጨመር ነው። ሽማግሌ ለዕርቅ የሚጠቅሰው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ ከጠወለገ፣ ነቅሎ ሥሩንና የግንዱን ግርጌ ማየት ያስፈልጋል። ሥሩ ጠቁሮ ከበሰበሰ ችግሩ ጥማት አይደለም። በሽታው በአፈር ውስጥ የሚቆይና ከሚፈስ ውሃ ጋር የሚጓዝ በመሆኑ፣ ውሃ መጨመር ጉዳቱን ያባብሰዋል። መድኃኒቱ ውሃ የማይተኛበት ከፍ ያለ መደብ ማዘጋጀት፣ የታመመውን ነቅሎ ማቃጠልና ማሳውን ለተከታታይ ዓመታት ለበቆሎ ወይም ለዳጉሳ መልቀቅ ነው። በርበሬ ያጠፋውን መሬት ለቲማቲም ወይም ለድንች መስጠት ግን ማፈራረቅ አይባልም፤ ሦስቱም ዘመዳሞች ናቸውና።

በጋራ ቦይ በሚጠጣ ጓሮ ይህ የአንድ ገበሬ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከታመመው ማሳ የሚወጣው ውሃ የጎረቤቱን ድካም ያጠፋል። ስለዚህ የውሃ ተራ ሲደለደል ጤነኛው ማሳ አስቀድሞ እንዲጠጣ፣ ከታመመው የሚወጣው ውሃም ወደ ሌላው እንዳይገባ ማድረግ የማኅበር መሪዎችና የውሃ አባቶች ኃላፊነት ነው። ይህን ውሳኔ የሚያህል ርዳታ ከየትም አይመጣም።

በጭፍን የማይወሰድ አባባልም አለ። በዘመን መለወጫ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ሲባል ጎመን እንደ ድህነት ምልክት ይባረራል። ይሁን እንጂ አዲሱ እህል እስኪደርስ ድረስ በሐምሌና በነሐሴ ቤተሰቡን የሚያቆየው በመጀመሪያው ዝናብ በጓሮ የተዘራው ጎመን ነው። የታችኛው ቅጠሉ ሲቀነጠስ ከላይ ያቆጠቁጣል፤ ዘሩም ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ምንቸቱ ይውጣ፤ ተክሉ ግን ከጓሮው መውጣት የለበትም። በተለይ ለዘር የሚተወው ቀድሞ ያበበው መሆን አይገባውም፤ ቀድሞ የሚያብበው ቅጠል የሚሰጠው ለአጭር ጊዜ ነው፣ ዘሩም ያንኑ ጠባይ ይወርሳል። መቆየት ያለበት ዘግይቶ የሚያብበው ነው።

ይህን ለይተው የሚያውቁት በአብዛኛው ጓሮውን የሚንከባከቡት እናቶች ናቸው። በስብሰባ ላይ ግን የሚናገረው ሌላ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የዘር ባንክ የአገሪቱን ዘር ሰብስቦ ያቆያል፤ የየመንደሩን ዘር በየዓመቱ የሚያድሰው ግን የየመንደሩ ጓሮ ነው። በየቀበሌው ሁለት ወይም ሦስት እናቶች ዘር ጠባቂ ሆነው ቢመረጡና ለዚሁ የሚሆን ቁራሽ መሬትና የውሃ ተራ ቢመደብላቸው ወጪው ቀላል ነው። ጉዳዩ መነሳት ያለበት የሰኔ ሥራ ከመድረሱ በፊት በሚያዝያ ስብሰባ ላይ ሲሆን፣ እናቶቹም ተጠርተው በመጀመሪያ ሊደመጡ ይገባል።